ለመቼ ተቀጠረ?

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
ሰማያዊ ሸራ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፤
የሰው ቂም፣ የሰው እንባ በታይፕ ቀጥቅጬ፣
«ለክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ አሳምሬ አስቀምጬ፣
የዕለት ጉርሴን ይዤ ማታ ቤት እገባለሁ።
እሱም አንድ እርሻ ነው፤ የሰው ነገር እዘራለሁ።

ያን ሐምሌ ግን ጉንፋን ድምፄን ነጥቆኝ፣
ሻይ በሎሚ ፊቴ፣ አሮጌ ካፖርት ተጭኖኝ፣
ወይዘሮ ለተብርሃን መጡ፣ ፌስታላቸውን አቅፈው፤
ውስጡ የእህትና የወንድም ክስ፣ የአባት ቤት፣ የከረመ ደብዳቤ፤
ዝናቡን በነጠላቸው ጫፍ ከቅንድባቸው ጠርገው።
«ለመቼ ተቀጠረ?» አልኳቸው፣ ቀና ሳልል።
«ሎሚ!» አሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል።

እኔ ሞኙ፣ ሆዴ ባባ። ከነሳህኗ
ቁራጯን ገፋሁላቸው፦ «እንኩ ይምጠጧት፣ ጉሮሮ ታሽራለች።»
ዝም ተባባልን።
በእሳቸው አገር አፍ ሎሚ ማለት ዛሬ ነው፤
እሳቸው ቀኑን ሲነግሩኝ፣ እኔ የዘረጋሁት ፍሬውን ነው።

ሳቁ። ስንት ዓመት ተመላልሰው አንዴ ሳቁ፤
ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ልጣጩ መጠጡና
ሦስት ዘር ከከንፈራቸው ለቅመው
በማመልከቻው ቅጂ ጥግ ደረደሩ፦
«እነዚህንም ጻፍልኝ። የሰው ምስክር አልቆብኛል።»
ገቡ። ወጡ። መዝገቡ ከቢሮ አልመጣም ተብሎ
ለጥቅምት አሥራ አንድ ተቀጥረዋል።

እኔም ምስክሮቹን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ሙቀት ይሻላቸዋል ብዬ
አስተኛኋቸው። አንዱ በሰበሰ።
አንዱ ቃሌን አልሰጥም ብሎ ደረቀ።
ሦስተኛው፣ በእንቁጣጣሽ ሳምንት፣ ከተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ
አንገቱን ደፍቶ ብቅ አለ፣
ልክ እንደ ተከሳሽ፤
ኋላ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ሚስቴ ሸዋረገድ ሳቋን አልቻለችም፦
«ከዘር የበቀለ ሎሚ ሰባት ዓመት ነው፣ ያውም ከቀናው!
ተክለ ሃይማኖት ጋ የተዳቀለ ችግኝ ሞልቶ፣
ጡረታህ ይደርሳል እንጂ ይሄ አይደርስም፣ ሰውዬ።»
ግን ሩዝ ያጠበችበትን ውሃ አትደፋም፤
ውሃ በሄደ ቀን፣ ከፊቷ ቀንሳ፣ እሱን አታስጠማውም።

እሾሁ ከአበባው ቀደመ፤ አበባውማ የለም ገና።
አንድ ክረምት የወፍ ኩስ የመሰለ አባጨጓሬ ጋጠውና
ግንዱ ብቻ ቆመ። ደግሞ አቆጠቆጠ።
«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ይላሉ፤
እኔን ይኸው ያልታየው አንዱ ነው የከበደኝ።

ወይዘሮ ለተብርሃን በሦስተኛው ዓመት ቀሩ።
ይግባኝ አሉ? ታረቁ? ታመሙ?
ፌስታላቸውን የሚያውቅ የበር ጥበቃ ጠየቅኩ፤
«ስንቱን ላስታውስ» አለኝ።
አንድ አሮጌ ካርቦን አለኝ፤ ለመስኮቱ ስዘረጋው
ስማቸው በብርሃኑ በኩል ይነበባል፣ ፊደሉ ነጭ ሆኖ።

ትናንት ማታ ያፌት፣ የጎረቤት ልጅ፣
በሳይክሉ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ ቆመ፤
አንድ ቅጠል ቀጥፎ፣ በጣቱ አሽቶ፣ አሸተተ።
«ጋሼ፣ ምንድን ነው?»
«ሎሚ።»
«መቼ ነው የሚያፈራው?»

ዝም አልኩ። ታች፣ ከታጠፈው ሸራዬ ላይ ያደረ ዝናብ
ይንጠባጠባል። ፍርድ ቤቱ መብራቱን አጥፍቷል።
ይህን ጥያቄ ስንቱን ሰው ጠይቄ፣ ስንት ቀን ጽፌ፣
ለራሴ መልስ አላዘጋጀሁም።

«ሎሚ» አልኩት።

«እሱንማ ነገሩኝ!» ብሎ
ወደ ጨለማው ኮሪደር እያንቀጫቀጨ ሄደ፤
አንድ እጁ መሪው ላይ፣
አንዱ አፍንጫው ላይ።